ሰው ሳያይ የሚነበብ፦ የግል የሥነ ልቦና አማካሪና ድረ ገጹ

በግሉ የሚሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ ድረ ገጽ፣ ባለሙያው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተማረ፣ በምን ዓይነት ችግር ላይ እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚያስከፍልና ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ በራሱ አድራሻና በራሱ ቃል የሚያስረዳበት የኢንተርኔት ቦታ ነው። ለሆቴል ወይም ለዕቃ መደብር ድረ ገጽ ገበያ መጥሪያ ነው። በሥነ ልቦና ሙያ ግን ሌላ ሥራ አለው። ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪሙን ባያውቀውም ይሄዳል፤ ሕመሙ ራሱ ይገፋዋል። ጭንቀት፣ ድብርት፣ የትዳር ጸብ ወይም የመጠጥ ሱስ የያዘውን ሰው ግን ወደ ኋላ የሚጎትተው ነገር ብዙ ነው። ከመሄዱ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያመነታል። ድረ ገጹ የሚያገለግለው በዚያ የማመንታት ጊዜ ነው። ይህ ጥቅም በአዲስ አበባም አለ፤ ጎልቶ የሚታየው ግን ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት እንደ ሁምቦ ባለ ወረዳ ነው።

ሁምቦ በወላይታ ዞን፣ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ጠበላ ትባላለች። ስሙ ከኢትዮጵያ ውጭ የተሰማው በደኑ ነው። ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ከቆረጣ ተከልሎ፣ የዛፎቹ ጉቶ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። ነዋሪዎቹም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ። ስለዚያ ደን ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ኒው ዮርክም ይሁን ናይሮቢ ቁጭ ብሎ፣ ካርታውንና ሪፖርቱን በደቂቃ ውስጥ ያገኛል። ጠበላ ውስጥ እንቅልፍ አልወስድ ያላት እናት በስልኳ የሚያነጋግራት ባለሙያ ብትፈልግ ግን የምታገኘው እጅግ ጥቂት ነው። የአካባቢው ደን የተጻፈለትን ያህል የአካባቢው ሰው ጭንቀት አልተጻፈለትም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የባለሙያ እጥረት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለበርካታ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ሳይካትሪስቶች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በውጭ አገር የተማሩ ጥቂት ሐኪሞች ነበሩ። በቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት የተካሄደው ታዋቂ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና መታወክ ጋር ይኖር ነበር። ሁምቦ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም።

ዛሬ ሁኔታው ቀስ በቀስ እየተቀየረ ነው። በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይኮሎጂ፣ በክሊኒካል ሳይኮሎጂና በአእምሮ ጤና የሚመረቁ ወጣቶች አሉ። ወላይታ ሶዶ በ1999 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘች፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ሲበዛ በግል የምክር አገልግሎት የሚከፍት ባለሙያም ይመጣል። የእንዲህ ያለ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄ ቢሮ የት ልክፈት የሚል ነው። ሰው እንዴት ያገኘኛል የሚለው ሁለተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ መልሱም በደረጃ ላይ የተሰቀለ ታፔላና የጓደኛ ወሬ ብቻ ይሆናል።

በወላይታ የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ፓስተር ወይም ወደ ጸሎት ቤት፣ አንዳንዱም ወደ ጠበል ነው። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዞኑ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሥር የሰደዱ ናቸው፤ ሐዘንተኛን የሚያጽናኑት፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ይህ መንገድ ትልቅ ሀብት ነው፤ የትኛውም ባለሙያ ሊተካው አይችልም፣ ሊሞክርም አይገባም። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው። በሰው አፍ የሚሄድ መንገድ በመሆኑ ርዳታ የሚሻው ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰው ምስጢሩን መንገር አለበት። "ጥሩ አማካሪ ታውቃለህ?" ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ለምን እንደጠየቀ ገና ሳይናገር ግማሹን ተናግሯል። ጠያቂው መምህር ከሆነ ተማሪዎቹ፣ ጠያቂዋ የፓስተር ሚስት ከሆነች ምዕመናኑ ይሰማሉ የሚለው ፍርሃት ከሕመሙ ይከብዳል። ምስጢራቸው ለማንም ሊነገር የማይችል ሰዎችም አሉ፦ የተደፈረች ልጅ፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ወጣት፣ ሰካራምነቱን ከሚስቱ በቀር ማንም የማያውቅበት የቢሮ ኃላፊ።

መታየት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ወላይታ ከሌላ ሕመም ጠንቅቆ ያውቃል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ በዞኑ ብዙ ሰዎችን አጥቅቷል። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ሕመምተኞቹን ከእብጠቱ ባልተናነሰ የሚጎዳቸው መገለሉ እንደሆነ አረጋግጠዋል፤ ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከማኅበር ሕይወት ይርቃሉ። እብጠት ያለው እግር ሊደበቅ አይችልም። የአእምሮ ሕመም ግን ሊደበቅ ስለሚችል ይደበቃል፤ የደበቀው ሰውም ርዳታ እንዳይፈልግ መደበቁ ራሱ ያስረዋል።

የድረ ገጹ ዋና ጥቅም ከዚህ ላይ ይነሣል። ገጹን የሚያነብ ሰው ማንንም አይጠይቅም፣ ስሙን አይሰጥም፣ ማንም አያየውም። ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ያነባል፣ ይዘጋዋል፣ በሌላ ቀን ተመልሶ ያነባል። የባለሙያውን ፊት ያያል፣ አነጋገሩን ያዳምጣል፣ "ይህ ሰው ይሰድበኝ ይሆን? ለሰው ያወራብኝ ይሆን?" እያለ በልቡ ይመዝነዋል። በመጨረሻ ስልኩን ሲያነሣ ባለሙያው ለእሱ እንግዳ አይደለም። ለባለሙያው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሹን ሰዓት የሚወስደው እምነት የመገንባት ሥራ በከፊል አስቀድሞ ተሠርቷል።

ይህ የሚሆነው ግን ገጹ ሲገኝ ነው። መገኘት ደግሞ በሶዶ የራሱ ችግር አለው። ሶዶ የሚባል ሌላ ወረዳ በጉራጌ አለ፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ከጤና ጣቢያዎች ጋር ስለማዋሃድ በኢትዮጵያ ከተካሄዱት ታላላቅ የምርምር ሥራዎች አንዱ የተካሄደውም በዚያ በጉራጌው ሶዶ ነው። ስለዚህ "ሶዶ" እና "የአእምሮ ጤና" የሚሉትን ቃላት አብሮ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ ወደ ሌላ ዞን ሊወሰድ ይችላል። የወላይታው ባለሙያ በገጹ ላይ ሁልጊዜ "ወላይታ ሶዶ" ብሎ መጻፍ፣ የሚያገለግላቸውን ወረዳዎችና ከተሞችም በስማቸው መጥራት ይኖርበታል፦ ሁምቦ፣ ቦዲቲ፣ አረካ እያለ። የጠበላ ሰው በገጹ ላይ የወረዳውን የሁምቦን ስም ሲያገኝ አገልግሎቱ እሱንም እንደሚመለከት ያውቃል። የአማርኛ አጻጻፍም ሊታሰብበት ይገባል። አንዱ "ሥነ ልቦና" ሲል ሌላው "ስነልቦና" ይላል፤ አንዱ "አእምሮ" ሲል ሌላው "አዕምሮ" ብሎ ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመ ሰው የሙያ ስም አይፈልግም። የሚፈልገው "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"፣ "ልቤ ይመታል"፣ "ባሌ ይጠጣል"፣ "ልጄ አይናገርም" ብሎ ነው። ገጹ በእነዚህ ቃላት ካልተጻፈ፣ በሰውየው ችግርና በባለሙያው መካከል ድልድይ የለም።

በገጹ ላይ ምን ሊኖር ይገባል ለሚለው መልሱ ከጠያቂው ፍርሃት ይጀምራል። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ስለሆነ የመጀመሪያው ቀጠሮ ምን እንደሚመስል በግልጽ መጻፍ ከምንም ይበልጣል፦ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማን ማን ክፍሉ ውስጥ እንደሚኖር፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ያልፈለገውን ጥያቄ አለመመለስ እንደሚችል፣ መርፌም ክኒንም እንደማይሰጥ። ብዙ ሰው ሳይኮሎጂስትንና ሳይካትሪስትን አይለይም። ሳይካትሪስት መድኃኒት የሚያዝ የሕክምና ዶክተር ነው፤ ሳይኮሎጂስትና አማካሪ በንግግርና በልምምድ ይሠራሉ፤ በጤና ተቋማት የአእምሮ ጤና ነርሶችና ስፔሻሊስቶችም አሉ። ባለሙያው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነም ሲጽፍ መድኃኒት ፈልጎ የሚመጣው ሰው ገንዘቡንና ቀኑን ሳያባክን ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ይህ ለደንበኛው ርኅራኄ ነው፤ ለባለሙያው ደግሞ ከማይመለከተው ጉዳይ ነጻ የሆነ ቀጠሮ ነው።

ዋጋ ሌላው ነው። በአገራችን ብዙ የግል ባለሙያዎች ዋጋቸውን በአደባባይ መጻፍ ያሳፍራቸዋል። ነገር ግን ከሁምቦ የሚመጣ ገበሬ ወይም መምህር የሚያስበው የምክሩን ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ የቀረበት የሥራ ቀን ሒሳብም አለ። ዋጋው ያልታወቀ አገልግሎት ለእሱ የሀብታም አገልግሎት ነው፤ ሳይጠይቅ ይተወዋል። ዋጋው ተጽፎ፣ ለተማሪና ለችግረኛ ቅናሽ ካለም ተጠቅሶ፣ በቴሌብር መክፈል እንደሚቻል ተነግሮ ሲታይ ግን ሰው ያስባል፣ ይቆጥባል፣ ይመጣል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ቴሌብር ለዚህ ሙያ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ክፍያው በስልክ ካለቀ በእንግዳ መቀበያው ላይ ገንዘብ እየቆጠሩ መቆምና ስም መጥራት ይቀራል።

የቦታ መግለጫም ከካርታ የበለጠ ነው። የሶዶ ሰው አቅጣጫ የሚያስረዳው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ሕንፃ፣ በባንክ ወይም በአደባባይ ነው፤ ገጹም እንዲሁ ማስረዳት አለበት። ከዚህ በላይ ግን ጎብኚው ማወቅ የሚፈልገው ሲገባ ማን እንደሚያየው ነው። ቢሮው ሌሎች ሱቆችና ቢሮዎች ባሉበት ሕንፃ ውስጥ ከሆነ፣ በደረጃው ላይ የሚወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ብዙ ሰው ያመጣል። ሰዓትንም በጥንቃቄ መጻፍ ያስፈልጋል። "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" የሚለው ለጠበላ እናት ግልጽ ነው፤ በውጭ አገር ላለው ልጇ ግን ግልጽ ላይሆን ይችላል።

ብዙዎች ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ እያሉ ድረ ገጽ ለምን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላይታ ወጣት የሚውለው እዚያ ነው፤ ባለሙያውም እዚያ መገኘቱ ጥሩ ነው። ሆኖም ማኅበራዊ ሚዲያ ሦስት ነገር ይነሣዋል። የመጀመሪያው ምስጢር ነው። የአማካሪን የፌስቡክ ገጽ የወደደ ወይም አስተያየት የጻፈ ሰው ለጎረቤቱ ራሱን አሳይቷል። ሌሎች ደግሞ ከልባቸው መከራ የተነሣ ሙሉ ታሪካቸውን ከቪዲዮ ሥር ይጽፋሉ፤ በማግሥቱ ይጸጸታሉ፤ ባለሙያው ቢሰርዘው እንኳ ፎቶ ያነሣው ሰው ጋር ይቀራል። ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በተነሣው ውዝግብ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ለአምስት ወራት ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሥራው በቴሌግራም ቻናል ብቻ የቆመ ባለሙያ በእነዚያ ወራት ደንበኞቹን አጣ፤ ድረ ገጾች ግን ይከፈቱ ነበር። ኢንተርኔት ጨርሶ ሲዘጋ ሁሉም እኩል ይዘጋል፤ ያኔ የሚያገለግለው ደንበኛው አስቀድሞ ከገጹ ላይ የመዘገበው ስልክ ቁጥር ነው። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ለሙያው ክብር የሚበልጠው፣ በእርጋታ ማስረዳት ነው፤ የቪዲዮ መድረክ የሚሸልመው የጮኸውን ነው። ሰከን ብሎ፣ "ይህ እንደየሰው ይለያያል" እያለ የሚናገር ባለሙያ በዚያ ገበያ ይሸነፋል። በራሱ ገጽ ላይ ግን አንድን ጉዳይ በሚገባው ርዝመት ሊያስረዳ ይችላል።

በተቃራኒው አንድ እውነት አለ። ብዙ ሰው የሚገዛው ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የተዘጋጀ ርካሽ የዳታ ጥቅል ነው፤ በዚያ ጥቅል ድረ ገጽ አይከፈትም። ስለዚህ ሁለቱ ተደጋግፈው መሄድ አለባቸው፦ ቴሌግራሙ ሰውን ይጠራል፣ ድረ ገጹ ሙሉውን ያስረዳል። ገጹም ቀላል መሆን አለበት። ትላልቅ ሥዕሎች፣ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ፣ የሚንቀሳቀስ ጌጥ ሁሉ የድሃ ሰው ዳታ ይበላሉ። በደካማ ኔትወርክ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ላይ በጥቂት ሴኮንድ የሚከፈት፣ በጽሑፍ የተሞላ ገጽ ለሁምቦ ከሚያብረቀርቀው ይሻላል። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል መሆን አለበት፤ የሚደውለው ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ስለሚችል ቁጥር መገልበጥ እንኳ ምክንያት ሆኖ ሊያስተወው ይችላል።

ቋንቋ በወላይታ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋር አደባልቆ "ወጋጎዳ" በሚል ስም የተዘጋጀው የትምህርት መጽሐፍ በሶዶ ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር፤ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን የሆነውም ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ነው። ያ ታሪክ ሕዝቡ ቋንቋውን ምን ያህል ከማንነቱ ጋር እንደሚያያይዝ ያሳያል። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የባለሙያው ገጽ ሁለት ገጽታ ቢኖረው ይበጃል፦ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በወላይትኛ። የተማረው ሰው ሁለቱንም ያነብባል፤ ሐዘንና ፍርሃት ግን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በእናት ቋንቋ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ በወላይትኛ የተቀዳ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይሻላል። ባለሙያው ቋንቋውን ራሱ የማይናገር ከሆነ ይህንንም በሐቅ መጻፍ አለበት፤ አስተርጓሚ ባለበት ክፍል ምስጢሩን ለመናገር የሚፈቅድ ሰው ጥቂት ነውና።

ገጹ ከዞኑ ውጭ ላሉትም በር ይከፍታል። ከደቡብ ኢትዮጵያ በርካታ ወጣቶች በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ሌሎች በአረብ አገር፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ይኖራሉ። በመንገድ ላይ ያዩት መከራ፣ በሱቃቸው የደረሰባቸው ዘረፋ፣ የብቸኝነቱ ሌሊት በእንግሊዝኛ ለማያውቃቸው ሐኪም ሊነገር ያቅታል። በቪዲዮ ወይም በስልክ የሚያነጋግራቸው፣ አገራቸውን የሚያውቅ ሰው ሲያገኙ እፎይ ይላሉ። ባለሙያው ግን በገጹ ላይ ገደቡን ማስቀመጥ አለበት። ለምሳሌ በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቀው ደንበኛው በሚገኝበት ግዛት ሕግ ነው፤ የሶዶ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ለቤተሰብ ግን ሌላ ጥቅም አለ፦ ጆሃንስበርግ ያለ ልጅ ለሶዶ እናቱ ገጹን ከፍቶ አንብቦ፣ ባለሙያውን መርጦ፣ ክፍያውን ልኮ፣ "እማዬ ሂጂ፣ እኔ አይቼዋለሁ" ሊላት ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ምስጢር ሲጠበቅ ነው፤ ካልተጠበቀ ድረ ገጽ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በፊንላንድ የነበረ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገቡ ተሰርቆ ከ30,000 በላይ ሰዎች ለባለሙያ የተናገሩት ቃል በወንጀለኛ እጅ ወደቀ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሌባው ሕመምተኞቹን አንድ በአንድ ገንዘብ ጠየቃቸው። ድርጅቱ ከሰረ። በአሜሪካ ቤተርሄልፕ የተባለው ትልቅ የኢንተርኔት ምክር አገልግሎት የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል በሚል እ.ኤ.አ. በ2023 የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት ለሶዶ ባለሙያ ቀላል ነው፦ ገጹ ማስረዳት እንጂ መሰብሰብ የለበትም። "ችግርዎን እዚህ ይጻፉ" የሚል ረጅም ቅጽ አያስፈልግም፤ ስም ወይም ቅጽል ስም፣ ስልክ ቁጥርና ለመደወል የሚመች ሰዓት ይበቃል። የፌስቡክ መከታተያ ኮድ በገጹ ላይ አይገባም፤ ገጹን ያነበበች ሴት በማግሥቱ በባሏ ፊት የድብርት ማስታወቂያ በስልኳ ላይ ሊመጣባት ይችላልና። ግንኙነቱም በኤችቲቲፒኤስ የተቆለፈ ይሁን።

ኢትዮጵያም ለዚህ ሕግ አላት። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች ውስጥ ይመድባል። ቁጥር 759/2004 የሆነው የማስታወቂያ አዋጅ ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። "በሦስት ቀን ከጭንቀት እንገላግላለን" የሚል ገጽ የሕግም የሙያም ጥፋት ነው። የምስክርነት ጉዳይ በተለይ ለወላይታ ሊነሣ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት መስጠት የተከበረ ልማድ ስለሆነ የተፈወሰ ሰው በቪዲዮ ቀርቦ ባለሙያውን ቢያመሰግን ማንም ነውር አያየውም። በሥነ ልቦና ሙያ ግን የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አሁን በሕክምና ላይ ካሉ ደንበኞች ምስክርነት መጠየቅን ይከለክላል፤ ምክንያቱም ደንበኛው በባለሙያው ተጽዕኖ ሥር ስለሆነ በነጻነት እምቢ ማለት አይችልም። የዛሬ ደስታውን ለመናገር የተስማማ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ሊያገባ ሲል ቪዲዮው በሙሽራዋ ቤተሰብ እጅ ሊገባ ይችላል። በምስክርነት ፈንታ የባለሙያው ዲግሪ፣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ የፈቃዱ ዓይነትና የሠራባቸው ዓመታት ይቅረቡ፤ ያልተማሩ ሰዎች ራሳቸውን አማካሪ ብለው በሚጠሩበት በዚህ ጊዜ እነዚህ ትልቅ ዋጋ አላቸው።

ወጪውን በተመለከተ ቀላል ድረ ገጽ ከአንድ የቢሮ ጠረጴዛ የሚበልጥ ዋጋ አያስፈልገውም። የሚከፈለው ለአድራሻው ስም፣ ገጹ ለሚቀመጥበት ሰርቨርና ለሠሪው ነው። አስቸጋሪው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በዶላር የሚከፈል የሰርቨር ኪራይ በብር ሲታሰብ እጥፍ ገደማ ሆነ። ስለዚህ በብር ከሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች መግዛት ያዋጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ የአድራሻው ስም በሠሪው ወጣት ስም ሳይሆን በባለሙያው ስም ይመዝገብ። ሠሪው ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ወይም ሲጣሉ ገጹን ይዞት የሚሄድበት ሁኔታ የተለመደ ነው። በየዓመቱ የሚታደስበት ቀንም ተመዝግቦ መያዝ አለበት፤ ያልታደሰ አድራሻ ሌላ ሰው ሊገዛውና ለማንኛውም ነገር ሊያውለው ይችላል።

ድረ ገጹ የማይደርስባቸው ብዙዎች አሉ። በሁምቦ ገጠር ስማርት ስልክ የሌላት እናት ገጹን አታየውም። እሷ ጋር የሚደርሱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የእድሩ ዳኛና ፓስተሩ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ገጽ ለእነሱ የተጻፈ አንድ ክፍል ይኖረዋል፦ ምን ዓይነት ሰው ወደ አማካሪ እንደሚላክ፣ ምን ዓይነቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ሰውየው ሳያፍር እንዴት እንደሚነገረው። ያ ክፍል በአንድ ወረቀት ታትሞ በጤና ኬላና በቤተ ክርስቲያን ቢሮ ሊለጠፍ እንዲችል ሆኖ ይዘጋጅ። ፓስተሮች ባለሙያውን እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ አጋዥ እንዲያዩት የሚያደርገው፣ ጸሎትን የሚያከብር፣ ከጸሎቱ ጎን የሚቆም ቃል በገጹ ላይ ሲያነቡ ነው።

በመጨረሻ፣ ገጹ ባለሙያው ሊመልስ የማይችለውን ሰዓት ማሰብ አለበት። ራሱን ሊጎዳ የተነሣ ሰው ገጹን የሚከፍተው ምናልባት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ያኔ የሚያየው የቀጠሮ ቅጽ ብቻ ከሆነ ገጹ ጥሎታል። ስለዚህ ከላይ፣ ከባለሙያው ስም አጠገብ፣ አገልግሎቱ የድንገተኛ እንዳልሆነ፣ አሁኑኑ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ እንደሚገባ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እንደሆነ፣ ብቻውን እንዳይሆን የሚያምነውን አንድ ሰው እንዲቀሰቅስ በግልጽ ቃል ይጻፍለት። በገጹ ላይ ያሉት ስልክ ቁጥሮች በየጥቂት ወሩ ይፈተሹ፤ ባለሙያው ከከተማው ሲለቅ፣ ሲታመም ወይም ሥራውን ሲያቆም ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ይህንን በገጹ ላይ ጽፎ ደንበኞቹ ወዴት እንደሚሄዱ ማመልከት ነው።